ጥፋተኛው እንጨት

ሄዝሮን እናቱን ሲያስባት አንድ መልክ ብቻ ነው የሚመጣለት፤ ቀሚሷን ሰብስባ፣ እስከ ወገቧ ውኃ ውስጥ ቆማ፣ አዲሱን የሸራ ጀልባ ከወንዶቹ ጋር ስትገፋ። የባሃማሷ ደሴት የሎንግ አይላንድ ባሕር ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ቀን ሰማያዊ ሆኖለት አያውቅም። ነፋሱ ሸራውን ድንገት ሲያዞረው ሸራውን ከታች የያዘው አግዳሚ እንጨት ደረቷን መታት።

«ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ? ግፉ እንጂ!» ብላ ሳቀች።

ከዚያ ቀን ዓመት ሳይሞላ በጡት እብጠት ሞተች፤ ገና ወጣት ነበረች። መንደሩም እንጨቱ ላይ ፈረደ።

ወንድሙ አልሪክ ይህን ፍርድ እስኪሞት ይዞት ኖረ። የአልሪክ ልጅ ማዜል አንድም ቀን የሸራ ጀልባ ላይ አልወጣችም። ሄዝሮን ግን የራሱን ልጅ ዴልሪናን እንቢ ማለት አልቻለም። በውድድር ሰሞን ጀልባው እንዳይገለበጥ ሰዎች ወደ ውጭ በወጣ ሳንቃ ላይ ይደረደራሉ፤ ያቺ ቀጭን ልጅ ከጫፍ ተቀምጣ በሚረጨው ውኃ ውስጥ ትጮህ ነበር፦

«አባዬ፣ እነዚህን ወፍራሞች አውርዳቸው! እኔ እበቃለሁ!»

«ሞኝ!» ይለው ነበር አልሪክ ከዳር ሆኖ። «እናታችንን የገደለ እንጨት ሥር ልጅህን ታስቀምጣለህ?»

ሄዝሮን ያኔ ይስቅበት ነበር። አልሪክን ባሕር ከወሰደው ከዓመታት በኋላ ዴልሪና፣ ገና ሠላሳ ሳይሞላት፣ ጡቷን ታመመች። በሽታው ክፉና ፈጣን ነበር። ሄዝሮን ለማንም ሳይናገር መጋዙን ይዞ ወርዶ የጀልባውን አግዳሚ ቆራረጠው።

ዋና ከተማዋ ናሳው ውስጥ ሐኪሟ የእሷን፣ የእናቷንና የእሱን ደም አስመረመረች።

«ከእርስዎ ነው የመጣው» አለችው። «ከመወለዷ ጀምሮ በደሟ የነበረ የዘር ጉድለት ነው። አባትም ለልጁ ያወርሳል። ለእርስዎም ከእናትዎ የመጣ ይመስለኛል።»

«እናቴን እንጨት እኮ ነው የመታት!»

«እንጨቱ እብጠቱ ያለበትን አሳይቷት ይሆናል። በሽታ ግን አላመጣባትም።»

ዴልሪና ፀጉር አልባ ራሷን በሻሽ ጠቅልላ አልጋው ላይ ሳቀች። «ወይ አባዬ! ያን የመሰለ እንጨት በከንቱ ፈጀኸው!»

እሱ አልሳቀም። ሰው የሚፈርድበት ነገር ማግኘቱ ምን ያህል እንደሚያሳርፈው እያሰበ ነበር፤ እንጨት ይቆረጣል፣ ደም ግን ወዴት ይጣላል? ማዜል ትዝ ያለችው ያኔ ነው። ከባሕር የጠበቋት ልጅ።

ወደ መንደሩ እንደተመለሰ ወደ ቤቷ ሄደ። ማዜል የሠርግ ልብሷን ጫፍ ስትሰፋ አገኛትና ሁሉንም ነገራት። መርፌዋ ቆመ።

«ታዲያ አባቴ እኔን ከምን ነበር የሚጠብቀኝ?»

«ከሚያውቀው ነገር።»

«ልጆቹ ሁሉ ሲጫወቱ ዳር ላይ አቁሞኝ! አጎቴ፣ ስንት ቀን እንዳለቀስኩ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«እሱስ በደሙ ነበረበት?»

«ባሕር የወሰደውን ማን ይመረምረዋል? ላይኖርብሽም ይችላል፣ ልጄ። የሚታወቀው አንቺ ስትመረመሪ ነው። ካለብሽ ግን በሽታው ሳይቀድምሽ ሐኪሞቹ ይከታተሉሻል። ዴልሪና ይህን ዕድል አላገኘችም።»

 ማዜል ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«ለእጮኛዬ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ፤ አንተ አፍህን እንዳትከፍት» አለች። «አሁን ተነሥና የናሳው መርከብ መቼ እንደሚነሣ ጠይቅልኝ። አብረኸኝ ነው የምትሄደው።»

ሄዝሮን ተነሣ። ወደ ወደቡም በፍጥነት ወረደ።