የታንከኛው ቆብ

ሞላሌ ገበያ ላይ ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ የሚሸጥ አንድ ሰው አለ። ስሙን ጠይቄው አላውቅም። ብርድም ሆነ ፀሐይ፣ ጆሮ ድረስ የሚሸፍነው ጥቁር የታንከኛ ቆብ ከራሱ አይወርድም። ጠላ ቤት ሲገባ በሩ ከፍ ያለ ቢሆን እንኳ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚገባው፤ ሌላ ቦታ ግን አንገቱን ሲደፋ አላየሁትም። ግራ እጁ ላይ ስላለው የቃጠሎ ጠባሳ አይናገርም። በደርግ ጊዜ ስለሠለጠነበት የታንከኞች ማሠልጠኛ ግን ለጠየቀው ሁሉ ያወራል።

«ታንክ ውስጥ ከተውን ክዳኑን ይዘጉና ከላይ በመዶሻ ይቀጠቅጡታል። የፈራ ይውጣ ይሉናል» ይላል፣ ባናውን እያጠፈ። «እኔ አልወጣሁም።»

ደርግ ከወደቀ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ወጣት ታጣቂ መጥቶ ፊቱ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይሄን የደርግ ቆብ ያውልቁ።»

ሰውየው እጁን ወደ ጆሮው አስጠጋ። «ምን አልክ? ጆሮዬን ታንክ ወስዶታል።»

ታጣቂው ደገመለት። አሁንም «አልሰማሁም» አለው። በመጨረሻ ሲጮህበት ገበያው ሁሉ ዞር ብሎ አየ፤ በግ ሻጮቹ መሳቅ ጀመሩ።

«እንግዲያው ጆሮዬን ካለበት አምጡልኝና ቆቡን ውሰዱ» አለው።

ታጣቂው አፍሮ ሄደ።

ከአጠገቤ የቆመች ሴት ወደ ጓደኛዋ ተጠግታ፣ «ይቺ ባና ሳሳ ያለች ናት» ብላ አንሾካሾከችላት።

«አልሳሳችም» አለ ሰውየው፣ ዞር እንኳ ሳይል። «ፀሐይ ላይ ዘርግተሽ እያት።»