ሦስት ዶሮ በአንድ ዋጋ

ኩፖን መቁረጥ የሚያሳፍራቸው ሰዎች አሉ። እኔ ከነሱ አይደለሁም። ኦልድ ካምፓላ፣ ከመስጊዱ ኮረብታ ሥር ካለው ቤቴ ትንሽ ወረድ ብሎ አንድ ሱፐርማርኬት አለ። በየሳምንቱ ረቡዕ ባለቀለም ወረቀት ያድላል፤ ወረቀቱ ላይ በነጠብጣብ የታጠሩ ትንንሽ ኩፖኖች አሉ። ቆርጦ ለካሸሯ የሰጠ ሰው ዕቃውን በቅናሽ ይወስዳል። ከዚህ የቀለለ ነገር የለም። ሰው ግን በወረቀቱ ማንጎ ይጠቀልልበታል፣ ዝናብ የመታውን የቦዳ ሞተር ወንበር ይጠርግበታል። እኔ ቤቴ አስገብቼ በመቀስ እቆርጠዋለሁ። ካሸሮቹ «ሰቦ ኩፖን» ይሉኛል፤ ጌታው ኩፖን እንደ ማለት ነው። ስሙን ወድጄዋለሁ።

የምሠራው ኢንዱስትሪያል ኤሪያ፣ መጋዘን ውስጥ ነው። እዚያ ያሉት ያገሬ ልጆች ወንድ ልጅ መቀስ ይዞ ሲቀመጥ ማየት ያስቃቸዋል። ሚስት አግባና እሷ ትቁረጥልህ ይሉኛል። እኔም እናንተ ሚስት አግብታችሁም ዘይት የምትገዙት በሙሉ ዋጋ ነው እላቸዋለሁ። እዚህ ላይ ወሬው ይቀየራል።

ደግሞም ዝም ብዬ አልቆርጥም። ስለረከሰ ብቻ የማልፈልገውን አልገዛም። ስኳር የምገዛው ሲያልቅብኝ ሳይሆን ሲቀንስ ነው። ሳሙናም፣ ፓስታም፣ ሩዝም እንደዚያው። ቁም ሳጥኔ ስለሞላ ልብሴን ወንበር ላይ አስቀምጣለሁ፤ ይህንንም እንደ ችግር አላየውም።

እናቴ ከደሴ የመጣችው ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ስንት ዓመት ስለምናት እምቢ ያለች ሴት ድንገት ተነስታ የመጣችው ልትጠይቀኝ ብቻ አልነበረም፤ ልትወስደኝ ነበር። እህቴ አንድ ክፍል ቀለም አስቀብታ እንደምትጠብቀኝ በስልክ አምልጧት ነግራኛለች። እኔ ደግሞ መሄድ አልፈልግም። ይህን ከተማ ወድጄዋለሁ፤ ሥራዬም ኑሮዬም እዚህ ነው። ስለዚህ እናቴ ገና ሻንጣዋን ሳትፈታ ቁም ሳጥኑን ከፍቼ አሳየኋት። ዘይቱን፣ ፓስታውን፣ የሳሙናውን ክምር አንድ በአንድ አየችው።

«ይኼን ሁሉ ከማን ጋር ልትበላው ነው?» አለችኝ።

መልሴንም አልጠበቀችም፤ ከበዓል በኋላ እንነጋገራለን ብላ ነጠላዋን አጣጥፋ አስቀመጠች። ምን እንደምንነጋገር ለሁለታችንም ግልጽ ነበር። የቀረኝ ዕድል ፋሲካው ነው። ሁዳዴን በሙሉ የጾመች እናቴ ጾሟን የምትፈታው እኔ ባዘጋጀሁት ዶሮ ነው፤ ያን ጊዜ ልጇ እንደሚኖር፣ ደህና አድርጎ እንደሚኖር ታያለች አልኩ።

በዚያ ዓመት የካምፓላ ሰዎች ፋሲካ ከኛ ቀደም ብሎ ውሎ ነበር። በዓላቸው እንዳለፈ ሱፐርማርኬቱ የተረፈውን የቀዘቀዘ ዶሮ ዋጋ ጣለው፤ እኔ ደግሞ ቀኗ ያላለፈ የዶሮ ኩፖን በቦርሳዬ ይዤ ነበር። ቅናሽ በቅናሽ ላይ ሲደረብ ሦስቱ ዶሮ በአንድ ዋጋ መጣልኝ። ካሸሯ ሥጋ አልበላም አላልክም ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ጊዜው ሲደርስ እበላለሁ አልኳት። እናቴ በጾም ሥጋ እንዳታይ ፍሪዘሩ ውስጥ ከአተር ከረጢት ሥር ደበቅኳቸው። ያን ሳምንት ሥራ ቦታ የሚችለኝ አልነበረም።

የበዓሉ ዋዜማ ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ቀይ ሽንኩርቱን ጣደች። ቁሌቱ መብሰል ሲጀምር ዶሮዎቹን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸውና ዋጋቸውን ነገርኳት። በሽንኩርት ያለቀሱ ዓይኖቿን በክንዷ ጠርጋ አንዱን ገለበጠችው። ከላስቲኩ ሥር አረንጓዴ ጨረቃና የዓረብ ጽሑፍ አለ።

«ይቺ እኮ የእስላም ናት» አለች።

ሁለተኛውን ገለበጥኩ፤ ሦስተኛውንም። ሁሉም ያው ናቸው። በኛ ወግ ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን አይበላም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን እንደዚያው። ይህን እኔ ከወተት ጋር የጠጣሁት ነገር ነው። ግን ስንት ዓመት ዶሮ የገዛሁት ከናኪቩቦ ገበያ ከነነፍሱ ነው፤ ያረድኩትም ራሴ ነኝ። ከዚያ በፊት ኩፖን ያወጣሁት ለዘይትና ለሳሙና ነው፤ ዘይት ሃይማኖት የለውም። ዋጋውን አይቻለሁ፣ ቀኑን አይቻለሁ፣ ዶሮውን ገልብጦ ማየት ትዝ አላለኝም። ተናደድኩ፤ የተናደድኩት ደግሞ በራሴ ስለሆነ የምቆጣው ሰው አልነበረም።

ናኪቩቦ ሮጬ ከነነፍሱ ገዝቼ ልምጣ አልኳት። እነዚህስ አለችኝ። ሱፐርማርኬቱ የቀዘቀዘ ሥጋ መልሶ አይቀበልም። እናቴ ምግብ ሲጣል ማየት አትችልም፤ እኔም ከሷ ነው የወረስኩት።

«ፎቅ ላይ ያለችው ሴትዮ የወሎ ልጅ አይደለችም?» አለች።

ነች። ሙስሊም ናት፣ ከኔ ቤት በላይ ትኖራለች፤ ከባሏ ጋር እታች ገበያው አጠገብ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ደህና አደሩ እንባባላለን፤ ከዚያ አልፈን አናውቅም። የሱፐርማርኬቱን መደርደሪያ ሁሉ በቃሌ የማውቅ ሰው የዚህችን ሴት አገር እንኳ አልጠየቅኩም ነበር። እናቴ በሁለት ሳምንት ውስጥ መንደሯን፣ የአባቷን ሥራ፣ የትዳሯን ነገር ሁሉ አውቃለች። ነጠላዋን አደረገች፣ ዶሮዎቹን በፌስታል ያዘች፣ ወደ ላይ ወጣች። እኔ ዳኛ ፊት እንደሚቀርብ ሰው ከኋላዋ ተከተልኩ።

ጎረቤቴ ነገሩን ስትሰማ ወገቧን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ወደ ጓሮ በረንዳዋ ወሰደችን። ሁለት ዶሮዎች እግራቸው ታስሮ ተቀምጠዋል። በማግስቱ እሑድ እንግዶች አሉባት፤ ባሏ ደግሞ ዕቃ ሊያመጣ ወደ ጁባ ሄዷል። ከጠዋት ጀምሮ የሚያርድላት ወንድ ስትፈልግ ነበር።

«የኔዎቹ የሚያርድ አጡ፣ የናንተዎቹ የሚበላ አጡ» አለች። «ታዲያ ምን ቀረን እማማ?»

የቀረው መለዋወጥ ብቻ ነበር። ሦስቱን ሰጥተን ሁለቱን ተቀበልን። እናቴ በኛ አገር ድግስ ሲደገስ ሁለት ድስት አይጣድም ወይ አለች፤ ጎረቤቴም በሕፃንነቷ እናቷ ለክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው የሚሆነውን በክርስቲያን ታሳርድ እንደነበር አስታወሰች። ሁለቱ ሴቶች በረንዳው ላይ ተቀምጠው ወሎ ገቡ። እኔ ዶሮዎቹን ይዤ ወረድኩ፤ ቁሌቱ እንዳያርብኝ።

ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ጾም ፈታን። እናቴ በላች፣ አጣጣመች፣ ጨው ትንሽ ያንሰዋል አለች፤ ከሷ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። በምሳ ሰዓት በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ከነእንግዶቿና ከነድስቷ ወርዳለች። አንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ድስት ዶሮ ወጥ ተቀመጠ፤ እንጀራው አንድ፣ ወጡ ለየራሱ። ልብሶቼን ከወንበሩ ላይ አንስቼ እንግዳ አስቀመጥኩበት። የሷ እንግዶች ይህን የመሰለ ዶሮ በስንት ገዛሽው ሲሏት ወደ እኔ ጠቆመች። እኔ ደግሞ በዚህ ነገር አልጠየቅ እንጂ ከተጠየቅኩ አላቆምም። ወረቀቱን አመጣሁ፣ መቀሱን አመጣሁ፣ ቅናሽ በቅናሽ ላይ እንዴት እንደሚደረብ አሳየሁ። እናቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ታየን ነበር።

በዓሉ አለፈ። አንድ ቀን ሄደ፣ ሌላም ቀን ሄደ፣ እናቴ ወደ አገር የመመለሴን ነገር አላነሳችም። እኔ መልሴን አዘጋጅቼ፣ ቃል በቃል አጥንቼ ስጠብቅ ሰነበትኩ። የምትሄድበት ቀን ደርሶ ታክሲው በር ላይ ቆመ። ጎረቤቴ ልትሰናበታት ወረደች። እናቴ አገላብጣ ሳመችኝና ሽንኩርቱን በደንብ ሳታበስል በርበሬ አትጨምር አለችኝ። ከዚያ አልፋኝ ሄዳ የሴትዮዋን ሁለት እጆች ያዘች።

«ልጄን አደራ» አለቻት።

«አደራዎን ተቀብያለሁ፣ እማማ» አለች ጎረቤቴ።

ከበዓል በኋላ እንነጋገራለን ያለችው ይህንኑ ነበር። ያጠናሁት መልስ አፌ ላይ እንዳለ ታክሲው ሄደ።