ከነጫማ መተኛት

ጅዳ የምትኖረው ምራቴ ልጆቿን ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ እንደተሰገደ ታስተኛለች። ቤቷ ተቀምጬ መጋረጃውን ስትስብ ሳይ፣ በልጅነቴ እዚሁ ጅዳ፣ ሰቢል ሰፈር የነበረችን ክፍል ትዝ ትለኛለች።

እናታችን ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ አልነበራትም። የፖሊስ ፍተሻው ከመግሪብ በኋላ ይበረታ ስለነበር፣ መብራት አጥፍታ እኔንና ታናሽ እህቴን ከነጫማችን ታስተኛን ነበር።

«እማ፣ እግሬን አላበኝ» አለች እህቴ አንድ ምሽት።

«ቻይው፣ የኔ እናት። ሲወስዱን ጫማ እስክናደርግ አይጠብቁንም።»

ወዲያው የብዙ ሰው ኮቴ ደረጃውን ወጥቶ ጎረቤታችን በር ላይ ቆመ። እናታችን አፋችንን በመዳፏ ከደነች። «ያላ! ያላ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎም የልጆች ባዶ እግር ደረጃውን እየመታ ወረደ።

«ጂዲ፣ ገና እኮ ነው፤ ለምን እንተኛለን?» አለኝ ትናንት የልጅ ልጄ። ልመልስለት ስል ሊፍቱ እኛ ፎቅ ላይ ቆመ፤ አፉን በመዳፌ ከደንሁ።