የፎርሙላ ክርክርና የገመቹ ወገብ

ትናንት ጠዋት አምቦ መናኸሪያ፣ ስምሪት ቢሮዬ ቁጭ ብዬ የማኅበራችንን ሾፌሮች በየመስመራቸው ስመድብ ገመቹ ገባ። ገመቹ ወደ ጎጆ ከተማ በሚወስደው የኮረኮንች መስመር የቅጥቅጥ ሾፌር ነው... ነበር ልበል እንጂ። ሥራ አቁሞ ክሊራንስ ሊጨርስ ነው የመጣው።

«አከም ጅርታ ኦቦሌሳ፣ እንዴት ነህ ወንድሜ» አለኝና ጠረጴዛውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ወገቡ እንደማያስነዳው ሰምቼ ነበር።

እኔንና ገመቹን ያወዳጀን የፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር ነው። እሁድ እሁድ ሰው ሁሉ ኳስ ሲያይ፣ እኛ የዲሽ ቤቱን ባለቤት ለምነን ጥግ ላይ ያለችውን ትንሿን ቴሌቪዥን እናስከፍታለን።

የ2014ቱን ታስታውሱ ይሆናል። አዲሶቹ መኪኖች ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ሲበሩ መንጠር ጀመሩ። ሾፌሮቹ ወገባችን፣ አንገታችን አሉ። ንጥረቱ ይለካ፣ ከልክ ያለፈ መኪና አይወዳደር የሚል ሕግ ይውጣ አይውጣ ተብሎ ዓለም ተጨቃጨቀ... እኛም በአቅማችን።

እኔ ተቃዋሚ ነበርኩ። «መኪናውን ከመሬት ከፍ ማድረግ ነው። ፍጥነቱ ይቀንሳል እንጂ አይነጥርም። በደንብ የሠራው ቡድን ምን አጠፋ?»

«ሾፌሩ እኮ አሞኛል አይልም» አለ ገመቹ። «ካለ ወንበሩን ሌላ ይወስድበታል። ለዚህ ነው ሌላ ሰው ይለካለት የምልህ።»

እኔ ደግሞ ክርክር መሸነፍ አልወድም፣ በተለይ ሰው እየሰማ። ድምፄን ከፍ አድርጌ «ያመመው ይውረዳ! ወንበሩን የሚፈልግ ሞልቷል» አልኩ። ኳስ የሚያዩት ሳይቀሩ ሳቁ። ገመቹም ፈገግ አለ። እኔ ያሸነፍኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ትናንት ገመቹ ያመጣቸውን የክሊራንስ ወረቀቶች ሳገላብጥ ታዲያ አንድ የታጠፈ፣ ጠርዙ ያለቀ የሐኪም ደብዳቤ አገኘሁ። የአከርካሪ አጥንቱ ስለተጎዳ ከኮረኮንች መንገድ ወጥቶ አስፋልት ላይ ይመደብ ይላል። አናቱ ላይ «ለስምሪት ክፍል» ተብሎ ተጽፏል። ስምሪት ክፍል ማለት እኔ ነኝ። ቀኑ የዚያው የክርክራችን ዓመት ሰኔ ነው።

የጉደር መስመር አስፋልት ነው። አንድ ስም ከጎጆ ሰርዞ ጉደር ላይ መጻፍ... የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር።

«ይሄ ለምን አልደረሰኝም?» አልኩት።

«ይዤልህ መጥቼ ነበር። ያን እሁድ፣ ውድድሩ ሲያልቅ ልሰጥህ ኪሴ ውስጥ ነበር።»

«እና?»

«ያመመው ይውረድ አልክ። አራት ልጅ ይዤ የት ልውረድ?»

እንዲህ ማለቴን ራሱ እስኪያስታውሰኝ ረስቼው ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው እውነት ነው። ሰውየው ከዚያ በኋላ ሦስት ክረምት በዚያ መንገድ ተንጧል፤ በየሳምንቱ የመደብኩት ደግሞ እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ።

ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት «ዺሲ፣ ተወው» አለኝ። «ይልቅ ፈርምልኝ፣ ባጃጁ እየጠበቀኝ ነው።»

ፈረምኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ያፈርኩበት ፊርማ የለም።

ለፎርሙላ ሾፌሮቹ ሕጉ እዚያው ዓመት ወጥቶላቸዋል... የጎጆ መስመር ሕግ አውጪ እኔ እንደነበርኩ የገባኝ ግን ትናንት ነው።