ከብት የማያልፍበት ቦይ

ባለፈው ሳምንት አዳማ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ የደረቀው የአቢጃታ ሐይቅ ዳር ረግረግ እንዴት እንደሚያገግም አንድ ወጣት ባለሙያ አስረዳን። መፍትሔው የድሮዎቹን ቦዮች መድፈን ነው፤ ወፎቹ ይመለሳሉ፣ መሬቱም ለድርቅ ጊዜ ውሃ ያቆያል። ሁሉም አጨበጨበ። ቦይ በመድፈን ሊታሰሩ የነበሩ ሰው ስለማውቅ የእኔ እጅ እሺ አላለኝም።

በደርግ ጊዜ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ፣ ረግረጉን አጠንፍፎ እርሻ ለማድረግ የሚቆፈረውን ቦይ እንድቆጣጠር ተቀጠርኩ። በሞጆና በመቂ በኩል አቧራና የቲማቲም ሽታ እየጠገብኩ ቡልቡላ ወረድኩ። በጋ ነበር። የሐይቁ ነፋስ ከንፈር ይሰነጥቃል፤ ዳርቻው ላይ ጨው ነጭ ቅርፊት ሠርቷል። መጽሐፍ ያለውን ሁሉ የማምንበት ዕድሜ ላይ ስለነበርኩ፣ ረግረግ ማለት ትንኝ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ጎረቤቴ ኦቦ ቱፋ ጠዋት ጠዋት እርጎ ይዘውልኝ ይመጡ ነበር። ዝናብ ሲጠፋ ሣር የሚገኘው ረግረጉ ላይ ብቻ መሆኑን ደጋግመው ነግረውኛል። ከዚያ ጨዋማውን አፈር ሊያስልሱ ከብቶቻቸውን ይነዳሉ፤ ሆን ብለው በቦዩ ጠርዝ ላይ እያመላለሱ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ኮቴ ቦዩን ደፈነው። አየሁ፤ ሪፖርት ግን አላደረግኩም።

ቦዩ መደፈኑን የሰማ የወረዳው ካድሬ ከዝዋይ መጣ። የጠረጠራቸውን ኦቦ ቱፋን ደጅ አስቁሞ እኔን ወደ ገበሬ ማኅበሩ ቢሮ አስገባኝ።

«ይሄ አሻጥር ነው። ወይ የሠራውን ሰው ስም ትጽፋለህ፣ ወይ አብረኸው መኪናው ላይ ትወጣለህ።»

በበሩ ክፍተት የሽማግሌው ጀርባ ይታየኛል።

«ጓድ፣ የደፈነው ከብት ነው።»

«የማን ከብት?»

«የሁሉም። ያገሩ ከብት ጨው ሊልስ የሚሄደው በዚያ ነው። የሊቀመንበሩም አሉበት።»

ጥግ የቆመው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጉሮሮውን ጠረገ። ካድሬው እሱን አየ፣ እኔን አየ።

«እንግዲያው ከብት የማያልፍበት የት ነው?»

አውቀው ነበር። ከብት ይውጣል ብለው ማጡን ያሳዩኝ ራሳቸው ኦቦ ቱፋ ናቸው። ጣቴን ዘረጋሁ። ካድሬው ሽማግሌውን «ሂዱ» አላቸው።

ቦዩ በማጡ በኩል ተቆፈረ፤ በሁለተኛው በጋ ረግረጉ ደረቀ። አፈሩ ጨው ስለሆነ እርሻም አልሆነ። ኦቦ ቱፋ ቦታውን ማን እንዳሳየ አልጠየቁኝም። እርጎውን ግን ከዚያ ቀን ወዲያ በሌላ ሰው እጅ ይልኩልኝ ጀመር።

ለዓመታት፣ ሰው አድኛለሁ እያልኩ ራሴን ሳሞግስ ኖሬአለሁ። ውሸት አይደለም። ግን በሰውየው ምትክ የሰጠሁት የእኔ ያልሆነውን ነበር። የሚከፋው ደግሞ፣ ያ ጥያቄ ዛሬ ቢቀርብልኝ ጣቴ ወደዚያው የሚዘረጋ ይመስለኛል።