ያላለቀ ቀለበት

አባቴ የሠራሁትን ጌጥ ሁሉ እንዳላለቀ ነው የሚያየው። ደንበኛ መጥታ ከመደርደሪያው ላይ አንድ ልሙጥ የብር ቀለበት ስታነሳ፣ ከመቀመጫው ሳይንቀሳቀስ «እሱን ገና ትጨርሰዋለች» ይላል። እኔ ደግሞ «አልቋል» እላለሁ። ደንበኛዋ ሁለታችንንም አየት አድርጋ ትስቃለች።

የምንሠራው የካ ውስጥ፣ የእንጦጦ ዳገት ሳይጀምር፣ ከግቢያችን በር አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ወርቅና ብር ሲያነጥር የኖረ ሰው ነው፤ ለእሱ ጌጥ ማለት ክብደት ያለው፣ ጉብጉብና የተፈተለ ሽቦ ያለበት ነገር ነው። እኔ ግን መቀነስ የሚቻለውን ሁሉ ቀንሼ የቀረውን ነው የምወደው። በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር አልደራደርም። ቀለበት ከሹራብ ጋር እየተያያዘ ሰው ማሰቃየት የለበትም።

የምንስማማው በጥራጊው ላይ ነው። ሥራ ሲያበቃ አባቴ ወለሉን ይጠርግና ጥራጊውን በአሮጌ የወተት ጣሳ ያጠራቅማል። ጣሳው ሲሞላ ያቃጥለዋል፣ ያቀልጠዋል፣ ከዚያ ሁሉ አቧራ ውስጥ ብር ይወጣል። እኔ አዲስ ብር አልገዛም፤ ከዚያ ጣሳና ሰዎች ከሚያመጡልኝ ስብርባሪ ነው የምሠራው። ወጣት ደንበኞቼ ምንም የማይባክንበት ለማለት «ሰስቴነብል ነው አይደል?» ሲሉኝ ወደ አባቴ እጠቁማለሁ። እሱ ቃሉን አያውቀውም፤ ጫማዬ ላይ የቀረውን የብር ብናኝ ሳላራግፍ ግን ከበሩ አያሳልፈኝም።

ማህተሙ ላይ ግን አልተግባባንም። አንገቷ ጎበጥ ያለች ትንሽ ብረት ናት፤ የቤታችን ምልክት ተቀርጾባታል። አባቴ መሳቢያው ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጣታል፤ ያለቀ ዕቃ ላይ ብቻ ነው የሚመታባት። የእኔ ሥራ ላይ አንድም ቀን መትቶባት አያውቅም። ለሰው ሁሉ «ግድ የለኝም» እል ነበር፤ ውሸቴን ነው፣ በጣም እፈልጋት ነበር።

ባለፈው ጥር አንዲት የኮተቤ ነርስ የጋብቻ ቀለበት አዘዘችኝ። የእጮኝነት ቀለበቷ ፈርጥ ስላለው ጓንት እየቀደደባት፣ ሥራ ስትገባ እያወለቀች ኪሷ ውስጥ ትከተዋለች። «የማላወልቀው ቀለበት ሥሪልኝ» አለችኝ። በሕይወቴ እንደዚህ የገባኝ ትእዛዝ የለም።

ሠርጓ አንድ ቀን ሲቀረው ቀለበቱን ጨርሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና ለሌላ ሥራ የብርጭቆ ወረቀት ልገዛ መገናኛ ወረድኩ። ስመለስ አባቴ ፊቱ በርቷል። ቀለበቱን ዙሪያውን የስንዴ ፍሬ የሚያካክሉ ጉብጉቦች በይዶበታል፤ በመካከላቸው ደግሞ የተፈተለ ሽቦ አስኪዶበታል።

«ነገ ሙሽራ ናት» አለኝ። «በባዶው ልትሰጫት ነበር?»

ሥራው ያምር ነበር፤ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው።

«አባዬ፣ አልቆ ነበር እኮ!»

«ምኑ ነው ያለቀው?»

ደሜ ፈላ። ቀለበቱን ሞርሳ ላይ አሰርኩና ሞረዴን አንስቼ ጉብጉቦቹን እዚያው ፊቱ አንድ በአንድ አወረድኳቸው። አባቴ ጣሳውን አምጥቶ ከእጄ ሥር ያዘልኝ፤ ብናኙ እንዳይባክን። ያን ጊዜ ልቤ ተሰበረ፣ እጄ ግን አላቆመም።

ነርሷ የመጣችው ቀለበቱን ወልውዬ እንደጨረስኩ ነው። ጣቷ ላይ አጠለቀችው፣ ከቦርሳዋ ጓንት አወጣችና በላዩ ለበሰች፤ እጇን ጨበጠች፣ ዘረጋች፣ ደግማ ጨበጠች። ጓንቱ ምንም አልሆነም። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ተጠጋ።

«ልጄ፣ ሥራሽን ስትሠሪ ሁልጊዜ እንዲህ በጓንት ነሽ?»

«አዎ አባባ፣ ቀኑን ሙሉ። ይኼኛውን ግን አላወልቀውም።»

«እስቲ ለእኔ አንዴ አውልቂው» አለና መዳፉን ዘረጋ። ደግሞ ምን ሊጨምርበት ነው ብዬ ከወንበሬ ተነሳሁ። በአውራ ጣቱ ውስጡንም ውጪውንም ዳሰሰው። ከዚያ መሳቢያውን ከፈተ፤ ማህተሟን በቀለበቱ ውስጥ አስገብቶ አስተካከለና አንዴ በመዶሻ መታት። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም።

ቀለበቱን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ ለነርሷ መለሰላት።

«የልጄ ሥራ ነው» አላት። «አልቋል።»