ጥርት ያለ ሰማይና ሁለት ማጣሪያዎች

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር፤ በጥቅምት ወር፣ አንኮበር ባስተማርኩበት የመጀመሪያ ዓመት። ምክትል ርዕሰ መምህሩ የኋለኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። የፊዚክስ ቤተ ሙከራችን ለዓመታት ስላልተሠራበት የመጻሕፍት ማከማቻ ሊያደርጉት አስበው፣ "እስቲ ማክሰኞ አንድ ሙከራ አሳዪኝ፤ ካልሆነ መጻሕፍቱ በዚያው ቀን ይገባሉ" ብለውኝ ነበር።

እኔ ሰው ፊት ስናገር ድምፄ የሚጠፋ ሰው ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ እንኳ ጥያቄ የምጠይቀው ትምህርቱ ካለቀ በኋላ፣ መምህሩን ኮሪደር ላይ ጠብቄ ነበር። ስለዚህ ሰኞ ዕለት ሙከራውን ብቻዬን አራት ጊዜ ደጋገምኩት። መሣሪያዬ ሁለት ስስ ማጣሪያዎች ነበሩ፤ ደብረ ብርሃን ካለ አንድ ቴሌቪዥን ጠጋኝ የተሰበረ ስክሪን ለምኜ የላጥኳቸው። ብርሃን በየአቅጣጫው ይርገበገባል፤ እንዲህ ያለው ማጣሪያ በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብቻ ያሳልፋል። መብራት ስላልነበረ የሰሜኑን መስኮት ብርሃን ተጠቀምኩ፤ መጠኑን በስልኬ የብርሃን መለኪያ ለካሁ። ሁሉም መጽሐፉ እንዳለው ሆነ።

ማክሰኞ "አንዷን ብቻ ብናዞራት የሚያልፈው ብርሃን አይለወጥም" አልኩና ማጣሪያዋንና ስልኬን ከፊት ለተቀመጠችው ተማሪ ሰጠኋት።

"ቲቸር፣ እየቀነሰ ነው!"

"በደንብ ያዢው።"

"ይዤዋለሁ! መቶ የነበረው ስልሳ ገባ።"

ከኋላ አንዱ "ቴሌቪዥኑም የተጣለው በዚሁ ይሆናል" አለና ክፍሉ በሳቅ አወካ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ተነሡ። "የኔ ልጅ፣ አትቀየሚ። መጻሕፍቱም ቤት ይፈልጋሉ።"

በእረፍት ሰዓት ማጣሪያዋን ይዤ ግቢው ውስጥ ቆምኩ። ክፍሉ ያው፣ መስኮቱ ያው፣ ማጣሪያው ያው። ሰኞ ግን ከትምህርት ቤቱ ሥር ካለው ገደል የወጣው ጉም መስኮቱን ሸፍኖት ነበር። ዛሬ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ማጣሪያዋን ወደ ሰማዩ አነሣሁና አዞርኳት። ሰማያዊው ጠቆረ። እንደገና አዞርኳት፤ ፈካ።

ጥርት ያለ ሰማይ ብርሃኑን በከፊል አቅጣጫ አስይዞ ነው የሚልከው፤ ጉም ደግሞ መልሶ ይደባልቀዋል። ይህን ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይም ጽፌዋለሁ። ገደል አፋፍ ላይ ባለ ትምህርት ቤት መስኮት በኩል ይመጣብኛል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ምክትል ርዕሰ መምህሩን ቢሯቸው በር ላይ አገኘኋቸው። "አሥር ደቂቃ ይስጡኝ" አልኳቸው። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ግን ወጣ።

"ምን ልታሳዪኝ?"

"ስሕተቴን።"

ሳቁ። "ስሕተቱን ላሳይ ብሎ የሚለምን መምህር ገና ዛሬ አየሁ። በይ ቅደሚ።"

ተማሪዎቹን ሰብስቤ መጀመሪያ ሰማዩን አሳየኋቸው። እሳቸውም ማጣሪያዋን ተቀብለው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዞሩ፤ ደግመው አዞሩ። ለመመለስ አልቸኮሉም። ከዚያ ገብተን መስኮቱ ላይ ነጭ ወረቀት ለጠፍኩ፤ ወረቀቱ እንደ ጉሙ ብርሃኑን ደባለቀው። አንዷ ማጣሪያ ስትዞር ቁጥሩ አልተነቃነቀም። ሁለተኛዋን በላይዋ ደረብኩ፤ አቅጣጫቸው አንድ ሲሆን ያለፈውን ብርሃን መቶ አልነው፤ ዘጠና ዲግሪ ላይ ጨርሶ እንደሚጠፋ ነገርኳቸው።

"ስልሳ ዲግሪ ብናዞራትስ?"

የጠዋቱ ቀልደኛ ቀደመ። "ዘጠና ላይ ከጠፋ፣ ስልሳ ላይ ሲሶው ይቀራል።"

"እስቲ አንተው አዙራት።"

አዞረ። ስልኩን አየ፤ ደግሞ አየ። "ሃያ ስድስት። ቲቸር፣ ይኼ እኮ ሩብ ነው።"

"የስልሳ ኮሳይን ግማሽ አይደል?" አለች ከፊት ያለችው ልጅ። "መጽሐፉ ኮሳይኑን በራሱ አባዙት ይላል፤ ግማሽ በግማሽ ሩብ! አንተ ደግሞ ዝም ብለህ ታካፍላለህ።"

ዲግሪዬን ስቀበል እንኳ እንደዚያ ቀን ቀና ብዬ የቆምኩ አይመስለኝም። ዘጠና ላይ ሁለቱ ማጣሪያዎች ጥቁር ሲሆኑ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ከኪሳቸው የቤተ ሙከራውን ቁልፍ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። "መጻሕፍቱን ሌላ ቦታ እፈልግላቸዋለሁ" አሉና ወጡ።

ረቡዕ ጠዋት ከደወሉ በፊት የቤተ ሙከራውን የሳምንት ፕሮግራም በንጹሕ ወረቀት አሰመርኩ። ሁለት ክፍለ ጊዜ ለራሴ ያዝኩ፤ የቀረውን ለኬሚስትሪና ለባዮሎጂ መምህራን ክፍት ትቼ፣ የመምህራን ማረፊያው ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት።